ከመሐል የወጡ ልጆችና ሐኪማቸው፦ የዶክተር ሊዮ ካነር ሕይወት

ኦቲዝም የሚለውን ቃል ከልጅ ልጁ ጋን፣ ከጢፓት ሃላቭ ወይም ከኩፓት ሆሊም ያልሰማ አያት ዛሬ ጥቂት ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ይህን ቃል ለአንዳንድ ልጆች ጠባይ መጠሪያ ያደረጉትን፣ በሕፃናት የአእምሮ ሕክምናም ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆኑትን አይሁዳዊ ሐኪም፣ የዶክተር ሊዮ ካነርን ሕይወት ይተርካል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወሩ ግንቦት፣ ዓመቱ 1945 ነው። በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ዶናልድ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ በፈረስ ያርሳል። ከማሳው ዳር ቆመው የሚያዩት የ50 ዓመቱ ዶክተር ካነር ናቸው። ከባልቲሞር ከተማ ድረስ የመጡት ለዚሁ ነው። ልጁ ስድስት ረጃጅም ትልም ሲያወጣ ዝም ብለው ተመለከቱ። ማረሻውን በደንብ ይይዛል፤ ትልሙ ሲያልቅ ፈረሱን በወጉ አዙሮ ይመለሳል። አርሶ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይገርማል ሊል ይችላል፤ በዚያ ዕድሜው ከበሬ ኋላ ያልሄደ የገበሬ ልጅ የለምና። ሐኪሙን የገረማቸው ግን ይህ ልጅ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከቤቱ ወጥቶ ተቋም የገባ፣ በዚያም መብላትና መጫወት ትቶ ፈዞ ተቀምጦ የነበረ ልጅ መሆኑ ነው። ተቋሙ ያላደረገውን አንድ ተራ ገበሬ እንዴት አደረገው? ዶክተር ካነር ይህን ጥያቄ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ አልተዉትም።

እሳቸው ራሳቸው የገጠር ልጅ ነበሩ። በሰኔ 1894 በጋሊሲያ፣ ብሮዲ ከተባለችው ከተማ አቅራቢያ፣ ክሌኮቱፍ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። አገሩ ያኔ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር፤ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ነው። የወጣላቸው ስም ኻስኬል ሌይብ ነበር። ኻስኬል ማለት ሕዝቅኤል የሚለው ስም በይዲሽ ሲጠራ ነው። ሊዮ የሚለው ስም ኋላ የመጣ ነው፤ ስም መለወጥ በስደት አገር እንግዳ ነገር አይደለም። አባታቸው አብርሃም ጊዜያቸውን በታልሙድ ጥናት የሚያሳልፉ ሃይማኖተኛ ሰው ነበሩ።

በ1906 ልጁ በርሊን ወዳለው አጎቱ ተላከ። እዚያው ትምህርቱን በ1913 ጨርሶ ሕክምና መማር ጀመረ። ወዲያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና በኦስትሪያ ሠራዊት የሕክምና ክፍል አገለገለ። የሐኪምነት ዲግሪውን ያገኘው በ1921 ነው፤ በዚያው ዓመትም ጁን ሌዊንን አገባ። ወጣቱ ካነር ከሁሉ በላይ የሚመኘው ግን ገጣሚ መሆንን ነበር። አሳታሚዎች ግጥሙን አልፈለጉትም። ግጥሙ ቢታተምለት ኖሮ በርሊን በቀረ ነበር፤ በርሊን የቀሩት አይሁዶች ምን እንደደረሰባቸው ሁሉም ያውቃል።

በበርሊን ሆስፒታል የተሰማሩት በልብ ሕክምና ላይ ነበር። በዚያ ጊዜ ጀርመን ውስጥ የገንዘብ ዋጋ እስከ መጨረሻው ወድቆ፣ ጠዋት የተከፈለ ደመወዝ ማታ ዳቦ አይገዛም ነበር። ከአሜሪካ ለትምህርት መጥቶ ከቤተሰቡ ጋር የተወዳጀ አንድ ሐኪም በአገሩ ሥራ አፈላለገላቸው። በ1924 ዶክተር ካነርና ባለቤታቸው ባሕር ተሻግረው ሳውዝ ዳኮታ ገቡ። የተገኘው ሥራ ያንክተን በምትባል ከተማ ባለው የመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። ዶክተር ካነር የአእምሮ ሕክምና አልተማሩም። እንግሊዝኛቸውም ገና ነበር። እንግዲህ የልቡ ሐኪም በቋንቋቸው በቅጡ የማይግባባቸውን ሕሙማን ማከም ጀመረ። አገር ለቆ በማያውቀው ሙያ እንጀራውን የጀመረ ሰው ይህን አይስተውም።

በያንክተን አራት ዓመት ቆዩ። በዚያን ዘመን የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ከከተማ ወጣ ብሎ የተሠራ፣ የራሱ እርሻና የራሱ ወጥ ቤት ያለው፣ ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ የሚተኛበት ሰፊ ግቢ ነበር። የገባ ሰው ብዙ ዓመት ይቆያል፤ አንዳንዱ እዚያው ይቀበራል። ካነር መጽሐፍ እያነበቡ፣ ሕሙማኑን እየጠየቁ ራሳቸውን አስተማሩ። ጽሑፎቻቸውም መታተም ጀመሩ። በ1928 ባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተቀበላቸው።

በሆፕኪንስ የአእምሮ ሕክምናውን የሚመሩት ስዊዘርላንዳዊው አዶልፍ ማየር ነበሩ። ማየር ሕመምተኛ ሲመጣ ገና ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ያለፈበትን ሁሉ በዝርዝር መጻፍ ያስፈልጋል የሚሉ መምህር ናቸው። ካነር ይህን ልማድ ከእሳቸው ወሰዱ። በ1930 ማየርና የሕፃናት ሐኪሙ ኤድዋርድስ ፓርክ በሕፃናት ሆስፒታሉ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲያቋቁሙ መረጧቸው። ከዚያ በፊት ጠባዩ ያስቸገረ ልጅ ጉዳይ የመምህሩ ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ነበር። አሁን ግን ሳምባውን የሚመረምሩበት ሆስፒታል ውስጥ ስለ ጠባዩም የሚጠይቅ ሐኪም ተቀመጠ። ቀላል የሚመስል ግን ትልቅ ለውጥ ነው።

ወደዚያ የሚመጡት ልጆች ዓይነታቸው ብዙ ነበር። አልጋ የሚያረጥብ፣ የማይበላ፣ የሚዋሽ፣ ሌሊት በፍርሃት የሚጮህ፣ የተናደደ ጊዜ መሬት ላይ የሚንከባለል፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ያለ። ዶክተር ካነር ለተማሪዎቻቸው የሚያስተምሩት የመጣው ክስ በር ብቻ መሆኑን ነው። በበሩ ገብቶ ቤቱን ማየት ያስፈልጋል። ልጁ ምን ዓይነት ተፈጥሮ አለው? እናትና አባቱ እንዴት ይኖራሉ? መምህሩስ? ይህን ሁሉ ሳይጠይቁ ልጁን ክፉ ወይም ደደብ ብሎ መሰየም ለሳቸው ሕክምና አይደለም። በ1935 ይህን ትምህርት በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጡት፤ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የመጀመሪያው የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና መማሪያ መጽሐፍ እሱ ነው። ለአሠርት ዓመታትም እየታደሰ ታተመ።

በ1937 ስማቸው በጋዜጦች ላይ ወጣ። ምክንያቱ በባልቲሞር አቅራቢያ የነበረው ሮዝዉድ የተባለው የመንግሥት ተቋም ነው። እዚያ የሚኖሩት አእምሯቸው ደካማ ነው ተብለው የገቡ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። ካነር ነገሩን ሲከታተሉት በዓመታት ውስጥ 166 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጃገረዶች፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከተቋሙ ወጥተው አገኙ። ላይ ላዩን ሲታይ ነፃነት ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነበር። የቤት ሠራተኛ የምትፈልግ ባለጠጋ እመቤት ለጠበቃው ትከፍላለች፤ ጠበቃው ልጅቷ ያለአግባብ ተይዛለች ብሎ ዳኛ ፊት ያቀርባል፤ ዳኛው ይፈታታል፤ ልጅቷም ያለ ደመወዝ አጣቢና አብሳይ ትሆናለች። ካልተመቸች ትባረራለች፣ ሌላ ትወጣለች። ካነር ከአንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ሆነው ከነዚህ መካከል ከ100 በላይ የሚሆኑትን ፈልገው ያሉበትን አወቁ። ጥቂቶቹ ሞተዋል፣ ሌሎች ታመዋል፣ ሌሎች ገላቸውን በመሸጥ ይኖራሉ፣ ሌሎችም እስር ቤት ናቸው። ይህን በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ላይ አቀረቡ። እውነቱን ለመናገር ጽሑፋቸው ከዘመኑ አስተሳሰብ አልጸዳም፤ እነዚህ ሴቶች ልጅ መውለዳቸውን እንደ አደጋ ይቆጥሩት ነበር። ቢሆንም ለነዚያ ልጃገረዶች የት ደረሱ ብሎ የጠየቀላቸው ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የካነር ቤት የወረቀት መሥሪያ ቤት መስሎ ነበር። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ወዲህ የአይሁድ ሐኪሞች በጀርመንና በኦስትሪያ ከሥራ እየተባረሩ ነው። አሜሪካ ለመግባት ደግሞ ይህ ሰው የመንግሥት ሸክም አይሆንም ብሎ የሚፈርምለት ዋስ ያስፈልጋል። ዶክተር ካነርና ጁን ዋስ ይሆናሉ፣ ዋስ ያፈላልጋሉ፣ ለሚመጣው ሁሉ ሥራ ይለምናሉ። እንዲህ ባለ መንገድ ወደ 200 የሚጠጉ የሕክምና ባለሙያዎችን እንደረዱ ይነገራል። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላይ ስሙ ከዝርዝሩ እስኪወጣ የጠበቀ ሰው አንድ ፊርማ ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቀዋል። ከመጡት አንዱ ከቪየና የሕፃናት ክሊኒክ የተሰደደው ዶክተር ጆርጅ ፍራንክል ነበር፤ እሱም ባልቲሞር ውስጥ ከካነር ጋር መሥራት ጀመረ።

አሁን ወደ ዶናልድ እንመለስ። በ1933 ፎረስት በምትባል ትንሽ የሚሲሲፒ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ፣ የእናቱ ቤተሰቦች የከተማዋ ባንክ ባለቤቶች ነበሩ። ሁለት ዓመት ሲሆነው መዝሙረ ዳዊት ምዕራፍ 23ን በቃሉ ይወጣዋል፤ የአሜሪካን ፕሬዝዳንቶች ስም ያውቃል። ነገር ግን ሲጠሩት አይዞርም፤ እናቱ ስትመጣም ስትሄድም ለሱ ያው ነው። ድስትና ሳህን እያሽከረከረ ቀኑን ይውላል፤ የሚያሽከረክረውን ከወሰዱበት ይጮኻል። እኔ የሚለውን አንተ፣ አንተ የሚለውን እኔ ይላል። ዕቃ ከቦታው ከተነሳ፣ የተለመደ ሥርዓት ከተለወጠ ቤቱ አይያዝም።

አመል ያወጣል ከመሐል ይላል ያገራችን ሰው። በዶናልድ ላይም ይኸው ሆነ። ሐኪሞች ከቤተሰቡ እንዲለይ መከሩ፤ በነሐሴ 1937 ወላጆቹ እያዘኑ ወደ አንድ የሕፃናት ተቋም ወሰዱት። እዚያ የነበሩት ከሳምባ ነቀርሳ እንዲጠበቁ የተሰበሰቡ ልጆች ነበሩ። ወላጆች መጥተው ማየት የሚችሉት በወር ሁለቴ ነው። ዶናልድ መብላት ቀነሰ፣ ቀለሙ ጠፋ፣ ምንም ሳያይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ተቋሙ ልጁ ተረጋጋ ብሎ ደስ አለው። ዓመት ገደማ ሲሆነው ወላጆቹ ልጃችንን ስጡን አሉ። ኃላፊው ቢተዉት ይሻላል ብሎ ተከራከረ፤ ስለ ልጁ ሁኔታ ጻፍልን ሲሉት ደግሞ ዓመት ሙሉ ስላየው ልጅ የጻፈው ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር፤ የዕጢ በሽታ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት።

አባቱ በበኩሉ ለዶክተር ካነር የጻፈው ደብዳቤ በታይፕ 33 ገጽ ነበር። ግማሽ ገጽና 33 ገጽ። ካነር ደብዳቤውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ልጁን አስጠሩት። በጥቅምት 1938 ዶናልድ በባቡር ባልቲሞር ገባ፤ ዶክተር ፍራንክልም ከሌላ ሐኪም ጋር ሆኖ ለሁለት ሳምንት ያህል በቅርብ ተከታተለው። ካነር ለወላጆቹ ፈጥነው ስም አልሰጧቸውም። እንዲህ ያለ ልጅ አይተው አያውቁም ነበር። የመጽሐፍ ደራሲ ሐኪም አላውቅም ብሎ ዓመታት መጠበቁ ቀላል አይደለም። በመካከሉ ሌሎች የሚመስሉት ልጆች መጡ። አንዳንዶቹ ደንቆሮ ናቸው፣ አንዳንዶቹ አእምሯቸው አልዳበረም ተብለው ነበር።

በ1943 ካነር ስለ 11 ልጆች፣ 8 ወንዶችና 3 ሴቶች፣ ያሳተሙት ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። ሁለት ነገሮችን ከሁሉ በላይ አጎሉ፤ ልጆቹ ገና ከሕፃንነታቸው ብቻቸውን መሆንን ይሻሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ነገር ሁሉ እንዳለ እንዲቆይም ይፈልጋሉ። ለስሙ ኦይገን ብሎይለር የተባለው የስዊዘርላንድ ሐኪም ለሌላ ሕመም ይጠቀምበት የነበረውን፣ ራስ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣውን ኦቲዝም ወሰዱ። እንዲህ ያሉ ልጆችን ያየ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው አልነበሩም። በሞስኮ ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች አይሁዳዊት ሐኪም በ1920ዎቹ በሆስፒታል ስለተከታተለቻቸው ስድስት ወንዶች ልጆች ጽፋ ነበር። ዓለም በስፋት የሰማው ግን የካነርን ነው።

ከዚያ ጽሑፍ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1942 ሌላ ክርክር ነበር። ፎስተር ኬኔዲ የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም፣ ተስፋ የሌላቸው የአእምሮ ጉድለት ያለባቸው ልጆች ወላጆቻቸው ከጠየቁ በሕክምና ይገደሉ የሚል ሐሳብ በታላቁ የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መጽሔት ላይ አቀረበ። መልስ የሰጡት ካነር ናቸው። ዓለም የቆመው በሊቃውንት ብቻ አይደለም፣ ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ሰዎች ሥራ ባይኖር ሁላችንም አንኖርም ብለው ተከራከሩ። መሃን ማድረግን በተመለከተ ግን ለአንዳንዶች ፈቅደዋል፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። መጽሔቱ በርዕሰ አንቀጹ ያጋደለው ወደ ኬኔዲ ነበር። በዚያው ዘመን ጀርመን ውስጥ ከ70,000 በላይ የአእምሮ ሕሙማን በጋዝ ተገድለዋል። በቪየና አም ሽፒገልግሩንድ በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ደግሞ ወደ 800 የሚጠጉ ልጆች አልቀዋል። ሐኪምና ነርስ ባለበት፣ የሕክምና መዝገብ እየተጻፈ።

እንግዲህ ወደዚያ እርሻ። በ1942 የዶናልድ ወላጆች ልጁን ከቤታቸው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚኖሩ ገበሬ ባልና ሚስት ዘንድ አስቀመጡት። ገበሬዎቹ ልጅ አልነበራቸውም። ዶናልድ ነገር ሁሉ መለካት ይወዳል፤ ገበሬው የውኃ ጉድጓድ አስቆፈረውና ጥልቀቱን እየለካ እንዲነግረው አደረገ። የሞተ ወፍና ነፍሳት እየለቀመ አስቸገረ፤ ገበሬው ትንሽ መሬት ከልሎ መቃብር አድርገው አለው። ልጁም ለእያንዳንዱ ምልክት አቆመ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የእንስሳው ዓይነት፣ በመጨረሻ የገበሬው የቤተሰብ ስም፤ የልደት ቀን አይታወቅም፣ የሞተበት ቀን ደግሞ እሱ ያገኘበት ቀን። የበቆሎውን ረድፍ ደጋግሞ መቁጠር ልማዱ ነበር፤ ገበሬው እያረስህ ቁጠር አለው። በገጠሩ ትምህርት ቤትም ልጆቹና መምህሩ እንዳለ ተቀበሉት፤ ትምህርቱም ገባው።

ገበሬው መጽሐፍ አላነበበም፣ ስለ ኦቲዝምም የሰማው ነገር የለም። ልጁን ዓመልህን ተው አላለውም፤ ዓመሉን ሥራ ሰጠው። ካነር ያንን ቀን አይተው ሄዱ፤ ከ26 ዓመት በኋላም በዝርዝር ጻፉት።

አሁን ደግሞ በካነር ሕይወት ውስጥ የሚያሳዝነው ክፍል ይመጣል። በ1941 ለእናቶች የሚከራከር መጽሐፍ አውጥተው ነበር፤ ሁሉን እናውቃለን የሚሉ ባለሙያዎችን አትፍሩ፣ በራሳችሁ ተማመኑ የሚል። በ1943ቱ ጽሑፍም ልጆቹ ይህን ጠባይ ይዘውት እንደተወለዱ ጽፈዋል። ግን እዚያው ላይ ስለ ወላጆቹ ጠባይ አንድ ነገር ጨመሩ፤ የተማሩ፣ ጠንቃቃ፣ ግን ሞቅ ያለ ፍቅር የማያሳዩ ናቸው አሉ። ወደ ሳቸው የመምጣት አቅም የነበረው የተማረው ብቻ መሆኑን ልብ ያሉት አይመስልም። በ1949 ደግሞ ነገሩን አጠበቁት፤ ልጆቹ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተቀመጡ ያህል ነው ብለው ጻፉ። ያ ቃል ከእጃቸው አመለጠ። ማቀዝቀዣ እናት የሚል ስያሜ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ ልክፍት ነው፣ ዓይን ነው ይባል ነበር፤ ጥፋቱ ከውጭ የመጣ ነው። በሠለጠነችው አሜሪካ ጥፋቱ በእናቲቱ ላይ ወደቀ። የቱ ይሻላል? እናቶች ልጄን ምን አድርጌው ነው እያሉ ሌሊቱን አልቅሰዋል፤ የልጁ ሕክምና ቀርቶ እነሱ ራሳቸው እንዲታከሙ ተላኩ። በቺካጎ ብሩኖ ቤተልሃይም፣ ከዳካውና ከቡኸንዋልድ የተረፈ አይሁዳዊ፣ ልጆቹን ከወላጆቻቸው ለይቶ በሚይዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። በ1967 ባሳተመው መጽሐፍም የእነዚህን ልጆች ሁኔታ ከማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጋር አመሳሰለው። እንዲህ ከተባለ እናቲቱ ምን ልትባል ነው? አንባቢ ራሱ ይደርስበታል።

ነገሩን የለወጠው በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር ነው። የራሱ ልጅ ኦቲዝም ነበረው። በ1964 መጽሐፍ አውጥቶ ችግሩ የተፈጥሮ እንጂ የእናት ጥፋት አለመሆኑን አስረዳ። መቅድሙን የጻፉለት ካነር ናቸው። ሪምላንድ ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም በ1969 ካነርን ለጉባኤው ጋበዛቸው። ሽማግሌው 75 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወላጆቹ ፊት ቆመው ከጥፋቱ ነፃ መሆናቸውን በግልጽ ተናገሩ። የቤተልሃይምንም መጽሐፍ ባዶ መጽሐፍ ነው ብለው አጣጣሉት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በዚያው ንግግር ቃሌ ተጣሞብኝ ነው፣ እኔ ከመጀመሪያው ከተፈጥሮ ነው ብያለሁ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን በ1949 በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው። ይቅርታው ሙሉ አልነበረም፤ ቢሆንም 20 ዓመት ሙሉ የተከሰሱት እናቶች እየሰሙት ተነገረ።

ካነር በ1959 ጡረታ ቢወጡም ሥራ አልተዉም። በ1971 እነዚያን 11 ልጆች ዳግመኛ ፈልገው የት እንደደረሱ ጻፉ። የሁለቱ አድራሻ ሊገኝ አልቻለም። ወደ መንግሥት ትልልቅ የአእምሮ ሆስፒታሎች የተላኩት የነበራቸውን አስደናቂ የማስታወስ ችሎታ አጥተው፣ ከዕቃ ጋር እንኳ የነበራቸውን ግንኙነት ትተው፣ በአዳራሽ ውስጥ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሆነዋል። ካነር የሆስፒታሉን መግቢያ ወረቀት ከዕድሜ ልክ ፍርድ ጋር አስተካከሉት። ራሳቸው ሥራቸውን በእንዲህ ያለ ሆስፒታል የጀመሩ ሰው ናቸው፤ ያሉትን ያውቁታል። በጥሩ ሁኔታ የተገኙት በተለይ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በቢሮ የማባዣ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ሌላው ዶናልድ ነው፤ በባንክ ገንዘብ ቆጣሪ። በልጅነታቸው ግን ሁሉም ተመሳሳይ ይመስሉ ነበር። ልዩነቱ ከተፈጥሯቸው ነው ወይስ ከተቀመጡበት ቦታ? ካነር ሁለቱንም ጠየቁ እንጂ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም።

ዶክተር ሊዮ ካነር በሚያዝያ 3 ቀን 1981 በሜሪላንድ ግዛት፣ ሳይክስቪል በምትባል ከተማ፣ በልብ ድካም አረፉ። ዕድሜያቸው 86 ነበር።

አቶ ዶናልድ ትሪፕሌት ግን ገና ነበሩ። በዚያችው በፎረስት፣ ባደጉበት ቤት ኖሩ። ጠዋት ከወዳጆቻቸው ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ ጎልፍ ይጫወታሉ፣ መኪና ይነዳሉ፤ ብቻቸውን እየተጓዙም ብዙ አገር አይተዋል። ለሚወዷቸው ሰዎች ቁጥር የማውጣት ልማድ ነበራቸው፤ ያንን ቁጥር ከዓመታት በኋላም አይረሱትም። በሰኔ 2023 በ89 ዓመታቸው ሲያርፉ የፎረስት ባንክ የቀድሞ ሠራተኛውን ሞት ራሱ አስታወቀ።